የሙሉ ቁጥሮች ጠባያት

ምንባብ

ዓባይ ከጣና ሐይቅ ተነሥቶ፣ የጎጃምን ምድር ከቦ፣ የሱዳንን ሜዳ አቋርጦ ካርቱም ላይ ከነጭ ዓባይ ጋር ይገናኛል። ከመገናኛው ቀደም ብሎ በወንዙ ግራና ቀኝ የጀሪፍ ሰፈሮች ይገኛሉ። ወንዙ በክረምት ከኢትዮጵያ ደጋ ጠርጎ ያወረደውን ደለል በዳርቻው ላይ ጥሎ ስለሚያልፍ፣ ጀሪፍ በቀይ ጡብ ሥራ ለብዙ ዘመን ሲታወቅ ኖሯል። ከሀገራቸው የራቁ ኢትዮጵያውያንም ይኖሩበት ነበር። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ከተቀሰቀሰ በኋላ ግን ከከተማይቱ ነዋሪዎች ብዙዎቹ ተሰደዋል።

ጡብ የሙሉ ቁጥሮችን ጠባይ ለመረዳት ምቹ ምሳሌ ነው። ጭቃው በቅርጽ ማውጫ ተመትቶ፣ በፀሐይ ደርቆ፣ በእሳት ከተተኮሰ በኋላ የሚቆጠረው አንድ ባንድ ነው፤ ስባሪው ከቁጥር አይገባም። እንደዚሁም 0፣ 1፣ 2፣ 3፣ 4 እያልን ያለ ስባሪ የምንቆጥርባቸው ቁጥሮች ሙሉ ቁጥሮች ይባላሉ። መጀመሪያቸው 0 ነው፤ መጨረሻ ግን የላቸውም። ማናቸውም ቁጥር ምንም ያህል ቢተልቅ 1 ሲደመርበት ከእርሱ የሚበልጥ ሌላ ቁጥር ይገኛልና።

ሁለት ሙሉ ቁጥሮች ቢደመሩ ወይም ቢባዙ ውጤቱ ምንጊዜም ሙሉ ቁጥር ነው። በመቀነስና በማካፈል ግን እንዲህ አይደለም። ከ24 ጡብ ላይ 6 ቢነሣ 18 ይቀራል፤ ከ6 ጡብ ላይ 24 ማንሣት ግን አይቻልም። 24 ጡብ ለ6 ሰው ሲካፈል ለእያንዳንዱ 4 ይደርሰዋል፤ ለ5 ሰው ሲካፈል ግን 4 ጡብ ይተርፋል።

በመደመርና በማባዛት ጊዜ ቁጥሮቹ ቦታ ቢለዋወጡ ውጤቱ አይለወጥም። ባለ 6 ጡብ 4 ረድፍ የደረደረ ሰው 24 ጡብ አለው። ያንኑ ድርድር ዞሮ በጎን በኩል የተመለከተ ሰው ባለ 4 ጡብ 6 ረድፍ ያያል። የአመለካከቱ አቅጣጫ ተለወጠ እንጂ ጡቡ አልጨመረም፤ አልጎደለምም።

ጡቦቹ ሁለት ሁለት ሆነው ሲጣመሩ አንዱም ያለ ጓደኛ ካልቀረ ቁጥሩ ተጋማሽ ነው፤ አንዱ ብቻውን ከቀረ ደግሞ ጎዶሎ ነው። ሁለት ጎዶሎ ቁጥሮች ሲደመሩ ከየወገኑ ብቻውን የቀረው ጡብ ከሌላው ጋር ስለሚጣመር ድምሩ ተጋማሽ ይሆናል። ለምሳሌ 7 እና 9 ሲደመሩ 16 ይሆናሉ።

24 ጡቦችን በ2፣ በ3 ወይም በ4 እኩል ረድፎች መደርደር ይቻላል። 23 ጡቦች ግን በአንድ ረድፍ ካልተሰለፉ ወይም እያንዳንዱ ጡብ ለብቻው ረድፍ ካልሆነ በቀር እኩል ድርድር አይወጣቸውም። እንዲህ ያለው፣ ከ1 የሚበልጥና ከ1ና ከራሱ በቀር ያለ ትርፍ የሚያካፍለው የሌለ ቁጥር ብቸኛ ቁጥር ይባላል። 2፣ 3፣ 5፣ 7 እና 11 ከብቸኛ ቁጥሮች መካከል ናቸው።

ይህን ዕውቀት መያዝ ለዕለት ኑሮም ይጠቅማል። በተሸከመው ጡብ ልክ የሚከፈለውን አንድ የቀን ሠራተኛ እንውሰድ። ሠራተኛው በአንድ ምልልስ የሚሸከመው 8 ጡብ ነው እንበል፤ ከዚህ አይጨምርም፣ አይቀንስም። በየምልልሱ አንድ ጠጠር እያስቀመጠ ማታ ሲቆጥር 45 ጠጠር አገኘ። 8 የሚገኘው 2ን ለሦስት ጊዜ በማባዛት ስለሆነ፣ 45ን ሦስት ጊዜ ቢያጥፍ ሒሳቡን ያገኛል፦ 90፣ 180፣ 360። ወይም 40ን በ8፣ 5ንም በ8 አባዝቶ 320ንና 40ን ቢደምር እዚያው 360 ላይ ይደርሳል። በማጠፍ የማባዛቱ ዘዴ እጅግ ጥንታዊ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ዓመት ገደማ በተጻፈው የግብፅ የሒሳብ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኝ ሲሆን፣ የዚህ ዘዴ አንዱ ዓይነት በሌሎች አገሮች የሒሳብ መጻሕፍት «የኢትዮጵያ የማባዛት ዘዴ» እየተባለ ይጠራል።

የተቆጣጣሪው መዝገብ 342 ቢል ሠራተኛው ጡቡን እንደገና ሳይቆጥር ስሕተት መኖሩን ያውቃል፤ 342 ለ8 ሲካፈል 6 ይተርፋልና። መዝገቡ 352 ቢል ኖሮ ግን ይህ ማጣሪያ ስሕተቱን ባላጋለጠውም ነበር፤ 352 ለ8 ያለ ትርፍ ይካፈላል። በዚያን ጊዜ የሠራተኛውን መብት የሚያስከብሩለት ጠጠሮቹ ናቸው። ስለዚህ ማጣሪያውን ያላለፈ ቁጥር በእርግጥ ስሕተት ነው፤ ማጣሪያውን ያለፈ ሁሉ ግን ትክክል ነው ማለት አይደለም።

የሠራተኛው 360 የዜሮን ጥቅምም ያሳያል። ዜሮ በቁጥር ላይ ቢደመር ቁጥሩን አይለውጠውም፤ ቁጥር በዜሮ ቢባዛ ውጤቱ ዜሮ ይሆናል፤ በዜሮ ማካፈል ግን አይቻልም። ከ360 መጨረሻ ላይ ዜሮው ቢወድቅ 36 ይቀራል፤ የሠራተኛውም ዋጋ ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። የግእዝ አኃዝ ዜሮ የለውም። ከ1 እስከ 9፣ ከ10 እስከ 90 ላሉት ዐሥሮች፣ ለ100ና ለ10,000 በጠቅላላው 20 ምልክቶች አሉት። 36 ፴፮፣ 306 ፫፻፮፣ 360 ደግሞ ፫፻፷ ተብለው ስለሚጻፉ ያለ ዜሮም አይምታቱም። ይሁን እንጂ ረጅም ሒሳብ በጽሑፍ ለመሥራት በዜሮ የሚጠቀመው አጻጻፍ ይቀላል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ628 ዓ.ም. ብራህማጉፕታ የተባለው የህንድ ሊቅ ለዜሮ የሒሳብ ደንብ ጻፈለት። ዐረቦችም ዜሮን «ሲፍር»፣ ማለትም ባዶ ብለው ጠሩት፤ በካርቱም ገበያም ስሙ ይኸው ነው።

መልመጃ

ሀ. ምንባቡን መሠረት በማድረግ የሚከተሉትን ጥያቄዎች መልሱ።
1. ጡብ ለሙሉ ቁጥሮች ምቹ ምሳሌ የሆነው ስለምንድን ነው?
2. 342 ስሕተት መሆኑ እንዴት ታወቀ? 352ስ በዚሁ መንገድ ሊታወቅ ያልቻለው ለምንድን ነው?
3. የአንድ ጎዶሎና የአንድ ተጋማሽ ቁጥር ድምር ምን ዓይነት ቁጥር ይሆናል? በጡብ ምሳሌነት አስረዱ።

ለ. የሚከተሉትን ቃላት ፍች ጽፋችሁ በዓረፍተ ነገር አግቡ።
ደለል፣ ረድፍ፣ ስባሪ፣ ምልልስ፣ ማጣሪያ

ሐ. «ቁጥር» እና «ቆጣሪ» የሚሉት ስሞች «ቆጠረ» ከሚለው ግሥ የተገኙ ናቸው። በዚሁ ዓይነት «ደረደረ»፣ «አካፈለ» እና «ተሸከመ» ከሚሉት ግሦች ስሞችን መሥርቱ።

መ. 47፣ 208 እና 930 የሚሉትን ቁጥሮች በግእዝ አኃዝና በፊደል ጻፉ።

ሠ. «መቁጠር የማይችል ሰው በገበያና በሥራ ቦታ የሚገጥመው ችግር» በሚል ርእስ አንድ አንቀጽ ጻፉ።