ቤት መምታቱን ለገጣሚው ተውለት

ልጄ፣ ትናንት «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት»ን ስትለማመድ ከኋላ ወንበር ሆኜ ሰማሁህ። ድምፅ አለህ። የሰማሁት ግን ቤት መምቻውን እንጂ ጴጥሮስን አይደለም።

1. ቤት የሚደፋውን ፊደል አትደብድበው። ገጣሚው ፀጋዬ ገብረ መድኅን ቤቱን መትቶ ጨርሷል፤ አንተ ደግመህ ስትመታው ሰሚው ሐሳቡን ትቶ ቀጣዩን ቤት ይጠብቃል። ሐሳቡ ወደሚቀጥለው ስንኝ ከተሻገረ አብረኸው ተሻገር።

2. ወል ቤት ስድስት ስድስት ነው፤ 12 ቀለም ማንም በአንድ ትንፋሽ ይዘልቀዋል። የፀጋዬ ቤት የሚባለው ግን ስምንት ስምንት፣ 16 ቀለም ነው። በሁለቱ ሐረጎች መካከል ድምፅህን ትንሽ አንሣ እንጂ አየር አትሳብ፤ ስንኙ ለሁለት ይሰበራል። ስትተነፍስ ትከሻህ ከተነሣ አየሩ ደረትህ ላይ ቀርቷል። ሆድህን ሙላ። ወደ ቡሌ የሚወስደውን ዳገት እየወጣህ ሞክረው።

3. የሚጠብቀውንና የሚላላውን በእርሳስ ምልክት አድርግበት፤ ፊደላችን አያሳይህምና። በወጣትነቴ በሞት አፋፍ ላይ ያለ ሰው ሆኜ «ገና ነው» ማለት ሲገባኝ «ና»ን አጠበቅኋት። የጣር ሰዓቱ የልደት በዓል ሆነ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ እኔም ከሞትኩ በኋላ ሆዴ በሳቅ ሲንቀጠቀጥ ታየ። «ይሰማል»ንም ተጠንቀቃት፦ ስትላላ ሰሚው ነው፣ ስትጠብቅ ድምፁ። አንተ እዚህ ላይ ዕድለኛ ነህ፤ አፍህን የፈታህበት ጌዴኦፋም ማጥበቅና ማላላት ያውቃል።

4. የአዲስ አበባ ሰው ለመምሰል አትድከም፤ ገጣሚውም የአዲስ አበባ ልጅ አልነበረም። በግጥሙ የምትሆናቸው አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ተረሸኑ፤ ፀጋዬ በዚያው ክረምት፣ በነሐሴ፣ አምቦ አጠገብ ቦዳ ተወለደ። ያደገው በኦሮምኛና በአማርኛ መካከል ነው።

5. አትጩህ። በሶንጎ ሸንጎ ላይ ሽማግሌ ሲናገር አይተሃል፤ ቃሉ ከዛፉ ሥር ለተቀመጠው ሁሉ የሚደርሰው እስከ መጨረሻው ፊደል ስለሚያደርሰው ነው። አማርኛ ብዙውን ጊዜ ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ትንፋሽህ እዚያ ካለቀ፣ ጴጥሮስ እሺ ይበል እምቢ ማን ያውቃል?

6. ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ያነበበውን አፈላልገህ ስማ። ዝርው ነው፣ ግጥም አይደለም፤ ቢሆንም ስማ።

ቅዳሜ እዚያው ኋላ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። እርሳሱን እንዳትረሳ።