ስሙን ትተህ ዝርዝሩን አንብብ

ልጄ፣ ይህን የምጽፍልህ ጌም አትጫወት ልልህ አይደለም። ለጌም የምታወጣው ገንዘብ ግን፣ የራስህም ይሁን ከውጭ ካርድ የሚልክልህ ዘመድ፣ የሰው ላብ ነው። ያ ላብ በስም ብቻ ሲወሰድ ማየት ያንገበግበኛል። «ጎልድ»፣ «ኮምፕሊት»፣ «አልቲሜት» የሚሉትን የጌም ጥቅል ስሞች የሚያወጣው ሻጩ ራሱ ነው፤ በውስጣቸው ምን መኖር እንዳለበት የሚወስን የጋራ መስፈርት የለም። ስለዚህ የሚከተሉትን በልብህ ያዝ። ዓመቶቹም ወሮቹም በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

1. ማዕረግ የሚመስል ስም አያሳምንህ። «ሲቪላይዜሽን 5» የተባለው ጌም በ2010 ወጣ፤ በ2012 «ጎድስ ኤንድ ኪንግስ»፣ በ2013 ደግሞ «ብሬቭ ኒው ወርልድ» የተባሉ ሁለት ትላልቅ ማስፋፊያዎች ተከተሉት። «ጎልድ ኤዲሽን» የያዘው የመጀመሪያውን ብቻ ነው፤ ሁለቱንም የያዘው «ኮምፕሊት ኤዲሽን» ነው። በ«ሲቪላይዜሽን 6»ም እንዲሁ ሆነ፤ «ፕላቲነም» የተባለው ጥቅል በ2020 የጀመረውን «ኒው ፍሮንቲየር ፓስ» የተባለ የተጨማሪዎች ስብስብ አይጨምርም፤ እሱ የሚገኘው በ«አንቶሎጂ» ውስጥ ነው። ከወርቅና ከፕላቲነም በላይ ምንም ያለ አይመስልም፤ በጌም ገበያ ግን አለ።

2. «የዓመቱ ምርጥ ጌም» የሚለውን ጽሑፍ እንደ ምስክር ወረቀት አትቁጠረው። ይህን ሽልማት የሚሰጠው አንድ አካል ብቻ አይደለም፤ መጽሔቱም ድረ ገጹም የሽልማት ድርጅቱም የየራሱን ይመርጣል። አሳታሚው ከመካከላቸው አንዱን ይዞ ሽፋኑ ላይ ይለጥፋል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል፤ አንተም ከሽፋኑ በፊት ውስጡን እይ።

3. ገና ላልተሠራ ነገር አትክፈል። ሲዝን ፓስ ማለት ወደፊት ለሚወጡ ተጨማሪዎች አሁን መክፈል ነው። «ቦርደርላንድስ 3» በ2019 ሲወጣ «ሱፐር ዴሉክስ» የተባለው ኤዲሽን ሲዝን ፓሱን ይዞ ነበር፤ በ2020 ግን ሁለተኛ ሲዝን ፓስ መጣ፤ እሱም ለብቻው ተሸጠ። ስቲም የተባለውን የጌም መደብር የሚያስተዳድረው ቫልቭ በ2024 ሻጮች በሲዝን ፓስ ውስጥ ምን እንዳለና መቼ እንደሚወጣ አስቀድመው እንዲዘረዝሩ ያስገደደው ችግሩ ስለገባው ነው። አንተ ግን ሁሉም እስኪወጣ ጠብቅ፤ ያኔ ይዘቱም ይታወቃል፣ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ይቀንሳል።

4. «ተጨማሪ» የተባለው ሁሉ ተጨማሪ አይደለም። «ማስ ኢፌክት 3» በመጋቢት 2012 በወጣበት በዚያው ቀን «ፍሮም አሽስ» የተባለ ዲኤልሲ (ለብቻው የሚሸጥ ተጨማሪ ይዘት) በ10 ዶላር ይሸጥ ነበር፤ ጃቪክ የተባለው ባለ ታሪክ የሚገኘው በእሱ ነው። በዚያው ዓመት በወጣው «ስትሪት ፋይተር ኤክስ ቴከን» ደግሞ ወደፊት ሊሸጡ የታሰቡ 12 ተፋላሚዎች ተቆልፈው በዲስኩ ላይ ተገኙ። ሰው በገዛው ዲስክ ላይ ያለውን ነገር እንደገና እንዲገዛ መጠየቅ ፍትሕ አይደለም፤ እንዲህ ያለውን ሥራ በገንዘብህ አትደግፍ።

5. ትንንሹን ዋጋ ደምር። «ኦብሊቪየን» በ2006 የፈረስ ጥሩር በ2.50 ዶላር ሸጠ፤ ያኔ ብዙ ተጫዋች ተቆጣ፤ ዛሬ ግን ተለምዷል። «ሲምስ 4» ከጥቅምት 2022 ጀምሮ በነጻ ይገኛል፤ ነገር ግን «ኤክስፓንሽን ፓክ»፣ «ጌም ፓክ»፣ «ስታፍ ፓክ» እና «ኪት» የሚባሉ ተጨማሪዎች አሉት፤ መደበኛ ዋጋቸው ከ5 ዶላር ገደማ ጀምሮ እስከ 40 ዶላር ይደርሳል። ከመክፈልህ በፊት የምትፈልገውን ሁሉ ወረቀት ላይ ጻፍና ድምሩን እይ።

6. «ግዛ» የሚለው ቁልፍ ባለቤት አያደርግህም። የምታገኘው የመጠቀም ፈቃድ ነው። «ዴስቲኒ 2» በኅዳር 2020 ሰዎች ከፍለው የያዙትን የመጀመሪያ ታሪክ ከጨዋታው አወጣ። «ዘ ክሩ» መጋቢት 31 ቀን 2024 ሰርቨሩ ሲዘጋ ዲስኩ እጁ ላይ ያለ ሰው እንኳ መጫወት አልቻለም። ካሊፎርኒያ ሻጮች የሚሸጡት ፈቃድ መሆኑን ለገዢው በግልጽ እንዲናገሩ የሚያስገድድ ሕግ ከጥር 1 ቀን 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ አውላለች።

7. አገሩንና ዋናውን ጌም አረጋግጥ። ዲኤልሲ ያለ ዋናው ጌም አይሠራም። ከአሜሪካ የተላከልህ የፕሌይስቴሽን ካርድም የሚሠራው በአሜሪካ አካውንት ላይ ነው፤ ዘመድህ ከመግዛቱ በፊት ይህን ንገረው። በስቲም ከተሳሳትክ ከገዛህ 14 ቀን ሳይሞላ፣ ከ2 ሰዓት በላይም ሳትጫወት ገንዘብህን እንዲመልሱ ጠይቅ።

ልጄ፣ ስም ማውጣት የሻጩ ነው፤ ዝርዝር ማንበብ ግን የአንተ ፋንታ ነው። ምን እንደያዘና ምን እንዳልያዘ በራስህ አንደበት መናገር ካልቻልክ አትክፈል። ይህንንም ለታናናሾችህ አስተምር።