ዓይን ወደ ላይ፣ እጅ ወደ ታች፦ የስዕል ታብሌት አመራረጥና አጠቃቀም

የመጀመሪያዬን የስዕል ታብሌት የገዛሁት ያገለገለ ነበር። ሻጩ ከላፕቶፑ ጋር አገናኝቶ መብራቷ ቦግ ስትል አሳየኝ፤ እኔም ያቺን መብራት ብቻ አይቼ ብሬን ቆጥሬ ሰጠሁ። ቤት ገብቼ ብዕሩን ባሳርፍ፣ ብጫን፣ ባሽከረክር ጠቋሚው ከቦታው ንቅንቅ አልል አለ። ታብሌቱ ደህና ነው፤ ብዕሩ ግን የሌላ ሞዴል ብዕር ኖሯል። ትክክለኛውን ለብቻው ለማግኘት ሁለት ወር ፈጀብኝ፤ ያወጣሁት ገንዘብም ሲደመር አዲሱን ይገዛልኝ ነበር። ይህን መመሪያ ከብዕሩ የምጀምረው ለዚህ ነው።

በመጀመሪያ ብዕሩን ይመርምሩ

የዋኮም፣ የሁዮንና የኤክስፒፔን ብዕሮች ባብዛኛው ባትሪ የላቸውም። ከታብሌቱ ገጽ ሥር የተዘረጋ የሽቦ መረብ መግነጢሳዊ ሞገድ ይለቃል፤ ብዕሩ ውስጥ ያለችው ጥቅል ሽቦ ከዚያ ኃይል ተቀብላ መልስ ትሰጣለች። ብዕሩ የት እንዳለና ምን ያህል እንደተጫነ የሚታወቀው ከመልሱ ነው። ይህ ምልልስ በኩባንያውና በሞዴሉ ልክ የተሠራ ስለሆነ የሁዮን ብዕር ዋኮም ላይ አይሠራም፤ የአንድ ኩባንያ ሁለት ሞዴሎች እንኳ ብዙ ጊዜ ብዕር አይዋዋሱም።

አዲስ ከሆነ ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ሞዴል ከታብሌቱ ጀርባ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን ያረጋግጡ። ያገለገለ ከሆነ መብራቷን አይመኑ። ሻጩ ድራይቨሩን (ታብሌቱን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም) በጫነበት ላፕቶፕ ላይ የስዕል ፕሮግራም ያስከፍቱና መጀመሪያ ለስለስ አድርገው፣ ቀጥሎ ጠበቅ አድርገው መስመር ያስምሩ፤ መስመሩ ከቀጭን ወደ ወፍራም ካልሄደ ግፊቱ አይሠራም። አራቱንም ማዕዘን ይንኩ። በመጨረሻ ገመዱን ከመሰኪያው አጠገብ ቀስ ብለው ያወዛውዙ። በየመሀሉ የሚቋረጥ ከሆነ መሰኪያው ላልቷል፤ ይህ ብየዳ የሚፈልግ ጣጣ ነው።

ከውጭ የሚመጣ ዘመድ የሚያመጣልዎት ከሆነ "ታብሌት" ብለው ብቻ አይላኩ፤ ፊልም ማያ ታብሌት ይዞ የመጣ አጎት አውቃለሁ። የሞዴሉን ስም ከነቁጥሩ ይጻፉለት፤ ትርፍ የብዕር ጫፍም አብሮ እንዲያመጣ ይንገሩት።

ስክሪን ያለው ወይስ የሌለው?

ለጀማሪ የምመክረው ስክሪን የሌለውን ነው። ጥቁር ሰሌዳ ይመስላል፤ እጅ ጠረጴዛው ላይ ይሠራል፣ ዓይን የላፕቶፑን ስክሪን ያያል። ብዙዎች ይህን ሲሰሙ ፊታቸውን ያጨማድዳሉ፤ "እጄን ሳላይ እንዴት እስላለሁ?" ይላሉ። ማውስ ስንጠቀምም እጃችንን አናይም።

የዋጋው ልዩነት ግልጽ ነው። ከዚያ በላይ ግን የመብራቱ ጉዳይ አለ። ስክሪን የሌለው ታብሌት የሚበላው ኃይል በጣም ጥቂት ስለሆነ ከላፕቶፑ የዩኤስቢ ገመድ ያገኘው ይበቃዋል፤ መብራት ቢጠፋ ላፕቶፑ ባትሪ እስካለው ድረስ ሥራው ይቀጥላል። ስክሪን ያላቸው ግን አብዛኞቹ የራሳቸውን ሶኬት ይፈልጋሉ። መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ በርቶ ስዕሉ ይጨልማል። አንገትም አለ፦ ቀኑን ሙሉ ወደ ጠረጴዛ ማጎንበስ ማታ ዋጋውን ያስከፍላል።

አይፓድ ቀድሞ ካለዎት ሌላ ዕቃ መግዛት አያስፈልግዎትም፤ ከሞዴልዎ ጋር የሚሄደውን የአፕል ብዕርና አንዴ ብቻ የሚከፈልበትን ፕሮክሪኤትን ይያዙ። ለስዕል ብለው አዲስ አይፓድ ሊገዙ ከሆነ ግን ፕሮክሪኤት ዊንዶውስ ላይ እንደማይሠራ ይወቁ፤ ዕቃውን ሲቀይሩ የለመዱትን ፕሮግራም ትተው ነው የሚሄዱት። ኮምፒውተር የሌለው ሰውም ተስፋ አይቁረጥ። አንዳንድ የሁዮንና የኤክስፒፔን ሰሌዳዎች በኦቲጂ ማገናኛ ከአንድሮይድ ስልክ ጋር ይሠራሉ። ስልክ ላይ የሚሳልበት ክልል ይጠባል፤ ቢሆንም አይቢስ ፔይንት ወይም ሜዲባንግ ጭኖ ለመጀመር ይበቃል። ሻጩን "አንድሮይድ ይቀበላል ወይ?" ብለው አስቀድመው ይጠይቁ።

መጠኑና ሳጥኑ ላይ ያሉት ቁጥሮች

ሳጥኑ ላይ በትልቁ የሚታተመው የግፊት ደረጃ ነው፦ 2048፣ 4096፣ 8192፣ ከዚያም ወዲህ 16384። ለዚህ ቁጥር ብለው አንድ ብር አይጨምሩ። ከዋኮም ርካሾች አንዱ የሆነው ዋን ባይ ዋኮም 2048 ደረጃ ብቻ ነው ያለው፤ በእሱ የሚሠራ ስዕል ግን ምንም አይጎድለውም። እጅ የሚለየው ብዕሩ መስመር ለመጀመር ምን ያህል መጫን እንደሚፈልግ ነው። ይህ ደግሞ ሳጥን ላይ አይጻፍም፤ ሞክረው ነው የሚያውቁት።

መጠንን በተመለከተ የታብሌቱን አካል ሳይሆን የሚሳልበትን ክልል ይለኩ። ትንሹ 16 በ10 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ መካከለኛው 25 በ16 ገደማ ነው። ባለ 15.6 ኢንች ላፕቶፕ ስክሪኑ ወደ 34.5 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል፤ በትንሹ ታብሌት ላይ 1 ሴንቲ ሜትር የሄደ እጅ ስክሪኑ ላይ ከ2 ትንሽ ይበልጣል። ይህን እጅ ይችለዋል። በ24 ኢንች ሞኒተር ላይ ግን ያው 1 ሴንቲ ሜትር ከ3 ያልፋል፤ የእጅ መንቀጥቀጥም አብሮ ይባዛል። ስለዚህ ለላፕቶፕ ትንሹ፣ ለትልቅ ሞኒተር መካከለኛው። ትልቁን ለጀማሪ አልመክርም፤ ጠረጴዛውን ሞልቶ ለኪቦርድ ቦታ ያሳጣል።

ሳጥኑ ሲከፈት

ገመዱን ከመሰካትዎ በፊት ላፕቶፑ ላይ የሌላ ታብሌት ድራይቨር ካለ ያጥፉትና ኮምፒውተሩን አጥፍተው ያብሩ። ሁለት ድራይቨሮች ጎን ለጎን ሲኖሩ ይጣላሉ፤ ጠቋሚው ይዘላል፣ ግፊቱም ይጠፋል። ከዚያ የሞዴልዎን ድራይቨር ከአምራቹ ድረ ገጽ ያውርዱ፤ ከሳጥኑ ጋር ሲዲ ቢመጣም የቆየ ሊሆን ይችላል። ለመሳያ ክሪታ የሚባለውን ፕሮግራም ይጫኑ። ነጻ ነው፣ ዊንዶውስ፣ ማክና ሊነክስ ላይ ይሠራል፣ ፈቃዱም ማካፈልን ስለሚፈቅድ አንዱ ጓደኛ አውርዶ በፍላሽ ለሌሎቹ ቢያዳርስ ማንም አይጠይቀውም።

አሁን አንድ የቡና ሲኒ ያምጡ። ታብሌቱ ላይ ደፍተው ዙሪያዋን በብዕሩ ይከተሉ። ስክሪኑ ላይ ክብ ከወጣ ጨርሰዋል። ጎኗ የሰፋ እንቁላል ከወጣ ግን ጥፋቱ የእጅዎ አይደለም። አብዛኞቹ ታብሌቶች 16 ለ10 ናቸው፣ አብዛኞቹ ስክሪኖች ደግሞ 16 ለ9፤ ድራይቨሩ አንዱን በሌላው ላይ ሲወጥር ቅርጹ ይለጠጣል። በድራይቨሩ መስኮት ውስጥ የሚሳልበትን ክልል የሚወስነውን ገጽ ከፍተው ከስክሪኑ ምጥጥን ጋር እንዲሄድ ያዙት። ከ10 ሴንቲ ሜትሩ ቁመት 1 ሴንቲ ሜትር ሥራ ይፈታል፤ አይቆጩበት። ይህን ሳያስተካክሉ ወራት የለመዱ ሰዎች ሌላ ታብሌት ሲይዙ ክባቸው ሁሉ ይጠማል።

ግራኝ ከሆኑ እዚያው ድራይቨር ውስጥ ታብሌቱን በ180 ዲግሪ የሚያዞር ምርጫ አለ። ዊንዶውስ ላይ ብዕሩን ለአፍታ ሲይዙት ክብ ምልክት ብቅ እያለ መስመርዎን የሚያዘገይ ከሆነ፣ በኮንትሮል ፓነል ፔን ኤንድ ተች ከሚለው ስር ተጭኖ መያዝን ያጥፉ።

አቀማመጥ

ታብሌቱ ከስክሪኑ ፊት ለፊት፣ መሀል ለመሀል ይቀመጥ። እንደ ደብተር ዘመም ካደረጉት ቀጥ ያለ መስመርዎ ሁሉ ስክሪኑ ላይ ዘመም ብሎ ይወጣል። ኪቦርዱ በማይስሉበት እጅ በኩል ይሁን፤ የተሳሳተውን መልሰው የሚያጠፉበት ኮንትሮልና ዜድ ከጣትዎ መራቅ የለባቸውም።

ሁለት ሳምንት ከፊደል ጋር

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ታብሌቱን ወደ ሳጥኑ የሚመልሰው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ዓይንና እጅ ይኮራረፋሉ፤ መስመሩ ይሄዳል ካሉበት አይሄድም። መድኃኒቱ ለእነዚህ ሁለት ሳምንታት ማውሱን መሳቢያ ውስጥ መቆለፍ ነው። ፋይል ሲከፍቱ፣ ቪዲዮ ሲያዩ፣ ዜና ሲያነብቡ በብዕሩ ይሁን። የታብሌቱ ቀኝ ጥግ ሁልጊዜ የስክሪኑ ቀኝ ጥግ ነው፤ እጅ ይህን ካርታ የሚይዘው ስዕል በማይስልበት ሰዓትም ጭምር ነው።

ለመሳል ደግሞ ከፊደላችን የተሻለ መልመጃ አላገኘሁም። ሀ ወደ ላይ የተከፈተ ቅስት ናት፣ ለ ወደ ታች። ዐ ክብ፣ መ ጎን ለጎን የተጣበቁ ሁለት ክቦች፣ ተ መስቀል፣ ሐ እኩል ርቀት የሚፈልጉ ሦስት እግሮች። ለስዕል የሚያስፈልግ የመስመር ዓይነት ሁሉ በ33ቱ ውስጥ አለ፤ ቅርጹንም ከሕፃንነታችን ጀምሮ ስለምናውቀው ሲሳሳት ወዲያው ያስታውቃል።

በመጀመሪያው ሳምንት አንዷን ፊደል ስክሪኑን እስክትሞላ አግዝፈው ይጻፉ። ክንዱ ከትከሻ ይንቀሳቀስ፣ አንጓው ይረፍ። ቀስ ብሎ የሚጎተት መስመር ይንቀጠቀጣል፤ በአንድ ትንፋሽ የተሰነዘረ ግን ይጠራል። ስለዚህ መስመሩን ከመልቀቅዎ በፊት ብዕሩን ሳያሳርፉ በአየር ላይ አንድ ሁለቴ ይለማመዱት፤ ጠቋሚው ብዕሩ ገጹን ሳይነካም ይከተላል። ያልተስተካከለውን አይደልቱ፤ መልሰው ያጥፉና እንደገና ይሞክሩ።

በሁለተኛው ሳምንት ግፊት ይጨምሩበት። የብራና መጻሕፍትን ጽሕፈት ልብ ብለው ካዩ ቋሚው እግር ወፍራም፣ አግዳሚው ቀጭን ነው። ጸሐፊው ያንን ያገኘው ከመቃ ብዕሩ ጠፍጣፋ አፍ ነው፤ እርስዎ በጫና ያምጡት። ሲወርዱ ጫን፣ ሲሻገሩ ለቀቅ። መስመሩ ቶሎ የሚወፍርብዎት ከሆነ በክሪታ ቅንብር ውስጥ የታብሌት ገጽ ላይ ያለውን የግፊት ኩርባ ወደ ታች ጎተት ያድርጉት፤ ብዕሩ ለከባድ እጅ ይስማማል። ክሪታ መስመር የሚያለሰልስ መሣሪያም አለው። ለጊዜው ከመሠረታዊው በላይ አይክፈቱት፤ እጅዎ ሳይማር የተማረ ያስመስልዎታል።

የመጀመሪያው ስዕል፦ ጀበና

ለኅትመት የሚበቃ ኤ4 ገጽ በኢንች 300 ፒክስል ሲሆን 2480 በ3508 ነው። በዚህ መጠን አንድ ሙሉ ሌየር (በሌላው ላይ የሚደራረብ የስዕል ንብርብር) ከራም ወደ 35 ሜጋ ባይት ይይዛል። ላፕቶፕዎ 4 ጊጋ ባይት ብቻ ካለው ለልምምድ በግማሹ፣ በ1240 በ1754 ይጀምሩ፤ ብሩሹ ከእጅዎ ኋላ መጎተቱን ያቆማል።

በመጀመሪያው ሌየር ላይ ጀበናዋን በሻካራ መስመር ይንደፉ፦ ሆዷን በክብ፣ አንገቷን በቀጭን ቱቦ፣ እጀታዋን በቅስት። በወረቀት ላይ የተሳለ ንድፍ ካለዎትም ታብሌቱ ላይ አንጥፈው በላዩ መከተል ይቻላል፤ ብዕሩ በአንድ ወረቀት ውፍረት አይሰናከልም። ቀጥሎ የሌየሩን ድምቀት ወደ 30 በመቶ ያውርዱ፣ በላዩ አዲስ ሌየር ይክፈቱና የመጨረሻውን መስመር ያውጡ። ሸራውን በ4 እና በ6 ቁልፍ እያዞሩ ቅስቱ ለእጅዎ በሚመች አቅጣጫ ይሳሉ፤ 5 ወደ ቦታው ይመልሰዋል። ኤም ስዕሉን እንደ መስታወት ይገለብጠዋል፤ ጀበናዋ የት እንደጠመመች ያኔ ያፈጣል።

ቀለሙ ከመስመሩ ስር በሌላ ሌየር ላይ ይሁን። በሙሌት መሣሪያ ሲሞሉ ቀለሙ ገጹን ሁሉ ካጥለቀለቀው መስመርዎ የሆነ ቦታ ክፍት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ እጀታው አንገቷን ከሚነካበት ላይ። ጥላና ብርሃኑን ከመጨመርዎ በፊት የሌየሩን አልፋ (ያልተቀባውን ክፍል) ይቆልፉ፤ ከጀበናዋ ውጭ አይፈስም።

ዋናውን ፋይል ሁልጊዜ በክሪታ ዓይነት ያስቀምጡ፤ ለሌላ ሰው የሚላከው በፒኤንጂ ይውጣ። በቴሌግራም ሲልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላኩት፤ ፎቶ ሲሆን ይጨመቃል። ለኅትመት ከሆነ መጀመሪያ በትንሹ አሳትመው ይዩት፤ ስክሪን ላይ የሚያበራው አረንጓዴና ሰማያዊ ወረቀት ላይ ይደበዝዛል።

ሲያስቸግር

ግፊቱ በድንገት ከጠፋ ታብሌቱን ነቅለው ይሰኩ። ካልመለሰ በክሪታ የታብሌት ቅንብር ውስጥ ከዊንታብ ወደ ዊንዶውስ ኢንክ ወይም በተቃራኒው ይቀይሩና ፕሮግራሙን ዘግተው ይክፈቱ። ጠቋሚው ከተንቀጠቀጠ ስልክዎንና ቻርጀሩን ከታብሌቱ አጠገብ ያርቁ። ብዕሩን ጫፉ ተጭኖ በቦርሳ ጎን አይወሽቁት፤ የግፊት ስሜቱን የሚጎዳው ይህ ነው።

የብዕሩ ጫፍ ፕላስቲክ ስለሆነ ያልቃል። እንደ ጩቤ አንድ ጎኑ ተስሎ ሲገኝ ገጹን ሳይጭር ይቀይሩት፤ ትርፎቹ ከሳጥኑ ጋር ይመጣሉ፣ አንዳንዴ በብዕሩ ማስቀመጫ ሆድ ውስጥ። አሮጌው የሚነቀለው አብራ በምትመጣ ትንሽ የብረት ቀለበት ወይም መቆንጠጫ ነው። ሳጥኑን ሲጥሉ ያቺ ቀለበት ውስጡ እንዳትቀር።