የንግግር ስልት ትንተና እንዴት ይረቀቃል? የሙዚቃው ኢንዱስትሪ ውድቀት እንደ ምሳሌ



በዚህ ዕትም የጥናት ዓምዳችን የምንመለከተው ብዙ ተማሪዎች የሚቸገሩበትን አንድ የእንግሊዝኛ ኮርስ ሥራ ነው፤ «ሬቶሪካል አናሊስስ» ወይም የንግግር ስልት ትንተና የሚባለውን። መምህሩ አንድ ንግግር ወይም መጣጥፍ ይሰጥና ተንትኑ ይላል። ተማሪው አራት ገጽ ጽፎ ያስረክባል። ወረቀቱ ሲመለስ ግን «ይህ ማጠቃለያ ነው» ወይም «ይህ የራስህ አስተያየት ነው» የሚል ማስታወሻ ይዞ ይመጣል። ቋንቋው ንጹሕ፣ ሐሳቡም ትክክል ሊሆን ይችላል፤ የተጠየቀው ግን አልተሠራም።

ለምሳሌነት የመረጥነው የሙዚቃውን ኢንዱስትሪ ውድቀት ነው። ምክንያታችን ሁለት ነው። አንደኛ፣ በጉዳዩ ላይ በብዙ ስሜት የተነገሩ ንግግሮች ስላሉ ለትንተና ይመቻል። ሁለተኛ፣ ብዙዎቻችን ስለ ሙዚቃ ቀድሞ የያዝነው አቋም አለን። ወረቀቱ ደግሞ የሚፈትነው በትክክል ይህንን ነው፤ የራስን አቋም ለጊዜው ወደ ጎን አድርጎ የሌላውን ንግግር በሚዛን መመርመር መቻልን።

1. የተጠየቀው የትኛው ጥያቄ ነው?

ስለ አንድ ንግግር ሦስት ጥያቄዎች ሊነሱ ይችላሉ። ተናጋሪው ምን አለ? መልሱ ማጠቃለያ ነው። ያለው ልክ ነው ወይ? መልሱ አስተያየት ነው። አድማጩን ለማሳመን ምን ዘዴ ተጠቀመ፣ ለምንስ ያንን ዘዴ መረጠ? መልሱ ትንተና ነው። የእኛ ወረቀት የሚመልሰው ሦስተኛውን ነው። የመጀመሪያው በመግቢያው ሁለት ሦስት ዐረፍተ ነገር ይበቃዋል። ሁለተኛው በዚህ ወረቀት ቦታ የለውም፤ ሌላ ወረቀት ይጠብቃል።

በመድረሳ በላጋን የቀመሳችሁ ይህ አዲስ አይሆንባችሁም። የበላጋ ሊቃውንት ውብ ንግግር የሚሉት ከሁኔታው ጋር የገጠመውን ነው። አንድ ቃል ለአንዱ አድማጭ ተገቢ ሆኖ ለሌላው ሊበዛ ወይም ሊያንስ ይችላል። ስለዚህ «ንግግሩ ጥሩ ነው» ማለት ብቻውን ትርጉም የለውም። ለማን? መቼ? ለምን ዓላማ? ብሎ መጠየቅ ይቀድማል።

2. ርዕስ አይተነተንም፤ የሚተነተነው ንግግር ነው

«የሙዚቃ ኢንዱስትሪ ውድቀት» ርዕስ ነው። በርዕስ ላይ ታሪክ ወይም ክርክር ይጻፋል እንጂ የንግግር ስልት ትንተና አይጻፍም። አንድ ተናጋሪ፣ በአንድ ቀን፣ ለታወቁ አድማጮች ያቀረበው አንድ ንግግር ያስፈልጋል። እኛ የምንወስደው የሜታሊካ ባንድ ከበሮ መቺ የሆነው ላርስ ኡልሪክ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 11 ቀን 2000 በአሜሪካ ሴኔት የፍትሕ ኮሚቴ ፊት የሰጠውን የምስክርነት ቃል ነው። አጭር ስለሆነ ደጋግሞ ለማንበብ ያመቻል፤ አድማጮቹም በግልጽ ይታወቃሉ።

3. መጀመሪያ ሁኔታውን አጥኑ

ንግግሩን ከመበለታችሁ በፊት በዚያ ሰዓት ምን እየሆነ እንደነበር በአንድ ገጽ ማስታወሻ ያዙ። ለምሳሌያችን የሚከተሉት ይበቃሉ።

ናፕስተር የተባለው የዘፈን መለዋወጫ ፕሮግራም በ1999 ሥራ ጀመረ። የፈጠረው ሾን ፋኒንግ በቦስተን የኖርዝኢስተርን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር፤ ፕሮግራሙም በፍጥነት የተስፋፋው ፈጣን ኢንተርኔት ባለባቸው የተማሪ ማደሪያዎች ውስጥ ነው። ሜታሊካ በሚያዝያ 2000 ናፕስተርን ሲከስ ሦስት ዩኒቨርሲቲዎችንም አብሮ ከሶ ነበር። በግንቦት ወር ደግሞ ዘፈኖቹን ያጋሩ ከ300,000 በላይ ተጠቃሚዎችን መጠሪያ ዝርዝር ለናፕስተር አስረክቦ እንዲታገዱ ጠየቀ። ብዙ አድናቂዎች በዚህ ተቆጡ፤ ሀብታም ባንድ በገዛ አድማጮቹ ላይ ተነሣ አሉ።

አድማጮቹስ? ሴናተሮች ናቸው፤ ብዙዎቹ ስለ አዲሱ ቴክኖሎጂ ጥልቅ ዕውቀት የነበራቸው አይመስልም። የኮሚቴው ሰብሳቢ ኦሪን ሃች ግን ራሳቸው የመዝሙርና የዘፈን ግጥም የሚጽፉ ሰው ነበሩ። ይህን ማወቅ ብቻውን አንድ አንቀጽ ሊሰጣችሁ ይችላል፤ ተናጋሪው ስለ ደራሲ መብት ሲናገር ከፊቱ አንድ ደራሲ ተቀምጧል።

አንድ ቁም ነገር እንጨምር። በዚያ ቀን ውድቀቱ ገና አልመጣም ነበር። የአሜሪካ የሙዚቃ ቅጂ ገበያ እስከዚያ ድረስ ከፍተኛ የሆነውን ገቢ ያስመዘገበው በ1999 ሲሆን እሱም ወደ 14.6 ቢሊዮን ዶላር ነበር። ስለዚህ ኡልሪክ የተጋፈጠው ጥያቄ ይህ ነው፦ ገበያው ጣሪያ በነካ ማግስት ቤቱ እየተቃጠለ ነው ብሎ ማሳመን እንዴት ይቻላል? ጥሩ ትንተና የሚነሣው ከእንዲህ ዓይነት ጥያቄ ነው።

4. ስልቶቹን ልቀሙ

ንግግሩን ሦስት ጊዜ አንብቡ። በመጀመሪያው ንባብ ብዕር አትንኩ። በሁለተኛው ወረቀት ለሁለት ከፍላችሁ በግራ «ምን አደረገ»፣ በቀኝ «ለምን» ብላችሁ ጻፉ። በሦስተኛው የቀኙን ዓምድ አስተካክሉ። ቀኙ ባዶ የሆነበት ነጥብ ወደ ወረቀቱ አይገባም።

የአርስቶትል ሦስቱ መንገዶች ለለቀማው ይረዳሉ፤ የተናጋሪው ተአማኒነት፣ የአድማጩ ስሜት፣ የማስረጃውና የአመክንዮው ጥንካሬ። ከኡልሪክ ንግግር የሚከተሉትን እናገኛለን።

ተአማኒነት፦ በዴንማርክ መወለዱን፣ በ1980 ከወላጆቹ ጋር ወደ አሜሪካ መምጣቱን፣ በ1981 ባንዱን መመሥረቱን፣ እስከ 1985 ድረስም ከድህነት ወለል በታች መኖራቸውን ይናገራል። ይህን ያለው ሕይወቱን ለመተረክ አይደለም። ስደተኛ መጥቶ በላቡ ያደገበት ታሪክ የአሜሪካ ፖለቲከኛ የሚያከብረው ታሪክ ነው፤ የ«ሀብታሙ ባንድ» ክስም በዚህ ይለዝባል።

ስሜት፦ እነሱ ደህና ኑሮ እንደሚኖሩ ራሱ ያምንና አብዛኞቹ ሙዚቀኞች ግን ከእጅ ወደ አፍ መሆናቸውን ያነሳል። ተቃዋሚው ሊል ያሰበውን ቀድሞ ራሱ ተናገረው ማለት ነው።

ማስረጃ፦ በ48 ሰዓት ክትትል ከ300,000 በላይ ተጠቃሚዎች የባንዱን ዘፈኖች 1.4 ሚሊዮን ጊዜ በነጻ እንዳወረዱ ይገልጻል። ቁጥሩን ያስቀምጥና ኪሳራውን የማስላቱን ሥራ ለአድማጩ ይተዋል። እኛ ግን እናካፍለው፤ ለአንድ ተጠቃሚ ከአምስት ዘፈን በታች ነው የሚደርሰው። ድምሩ ያስደነግጣል፤ ድርሻው አያስደነግጥም። ተናጋሪው የትኛውን እንደመረጠ ማየት ትንተና ነው።

5. ዋናው መከራከሪያ

ደካማው መከራከሪያ ይህን ይመስላል፦ «ኡልሪክ ተአማኒነትን፣ ስሜትንና ማስረጃን ተጠቅሞ አድማጮቹን ያሳምናል።» ስሙን አውጥታችሁ የሌላ ሰው ስም ብትተኩበት ዐረፍተ ነገሩ እንዳለ ይቆማል። ለማንም ንግግር የሚሆን መከራከሪያ የማንም አይደለም።

የተሻለው እንዲህ ነው፦ «ኡልሪክ ‹ሀብታም ሙዚቀኛ ስለ ገንዘብ ሊያማርር መጣ› የሚል ጥርጣሬ እንደሚጠብቀው ስለሚያውቅ ክርክሩን ከገንዘብ ወደ ምርጫ መብት ያዞረዋል፤ ለዚህም የሕይወት ታሪኩንና የአናጢውን ምሳሌ ያሰልፋል፤ ማውረድን ከሱቅ ስርቆት ጋር ሲያመሳስል ግን ክርክሩ ይሳሳል።» እዚህ ውስጥ ችግሩ፣ ስልቱ፣ ምክንያቱና ገደቡ አሉ። የወረቀቱ አንቀጾችም ከዚሁ ዐረፍተ ነገር ይወጣሉ።

6. አንድ አንቀጽ ሲሠራ

ወረቀቱ በእንግሊዝኛ የሚጻፍ ቢሆንም አወቃቀሩን ለማየት አንድ አንቀጽ በአማርኛ እንሥራ።

«ኡልሪክ ሙዚቃን ከአናጢ ሥራ ጋር ያነጻጽራል፤ ጠረጴዛ የሠራ አናጢ ሥራውን ማስቀመጥ፣ መሸጥ ወይም በነጻ መስጠት የራሱ ምርጫ እንደሆነ ሁሉ ለሙዚቀኛም ይህ ምርጫ ይገባዋል ይላል። ምሳሌው በኮሚቴው ፊት ሁለት ሥራ ይሠራል። አንደኛ፣ በዓይን የማይታየውን የቅጂ መብት በእጅ በሚዳሰስ ዕቃ ይተካዋል፤ ስለ ኮምፒዩተር ፋይል የማያውቅ ሕግ አውጪም ጠረጴዛን ያውቃል። ሁለተኛ፣ ሚሊየነሩን ከላብ አደሩ ጎን ያቆመዋል። ‹በነጻ መስጠት› የሚለውን መጨመሩ በተለይ ልብ ይባል፤ የምንጠይቀው ክፍያ ሳይሆን ፈቃድ ነው ለማለት አስችሎታል።»

አንቀጹ አንድ ስልት ብቻ ይዟል። ስልቱን አሳየ፣ በአድማጩ ላይ ምን እንደሚሠራ አብራራ፣ ከዋናው መከራከሪያ ጋር አገናኘ። «ይህ አድማጩን ይማርካል» ብሎ አላቆመም፤ የትኛውን አድማጭ፣ በምን ምክንያት የሚለውን መለሰ።

7. የንግግሩን ገደብ በፍትሕ መናገር

ትንተና ውዳሴ አይደለም፤ ነቀፋም አይደለም። ኡልሪክ ማውረድን ከሱቅ ዕቃ አንስቶ ከመውጣት ጋር ሲያመሳስል ምስሉ ጠንካራ ነው። ነገር ግን ጠረጴዛው የተሰረቀበት አናጢ ጠረጴዛ የለውም፤ ዘፈኑ የተቀዳበት ሙዚቀኛ ግን ዘፈኑ እጁ ላይ ነው። ይህን ክፍተት ማሳየት ናፕስተርን መደገፍ አይደለም። ምሳሌው እስከ የት እንደሚሸከም መለካት ነው።

እዚህ ላይ ንጽጽር ይረዳል። በዚያው ቀን፣ በዚያው ኮሚቴ ፊት የዘ በርድስ ባንድ ሙዚቀኛ የነበረው ሮጀር መግዊንም መስክሯል። እሱ ታዋቂ ዘፈኖች አውጥቶ እንኳ ከአሳታሚ ኩባንያዎች ከመጠነኛ ቅድሚያ ክፍያ በቀር እምብዛም እንዳላገኘ፣ ኤምፒስሪ ዶት ኮም የተባለው የኢንተርኔት ድርጅት ግን ግማሹን ገቢ እንደሚሰጠው ተናገረ። ሁለቱም ሙዚቀኞች ናቸው፤ ሁለቱም የግል ልምዳቸውን ማስረጃ አድርገው አቀረቡ፤ የደረሱበት ግን ተቃራኒ ነው። አንዱ ጥፋቱን በኢንተርኔቱ ሲያይ ሌላው በአሳታሚው አየው። አንድ ስልት ለሁለት ተቃራኒ መደምደሚያ ሊያገለግል እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማሳያ አይገኝም።

8. ቁጥር ላይ ጥንቃቄ

ከዚያ በኋላ ገበያው በእርግጥ ወደቀ። የአሜሪካ ገቢ በ2014 ወደ 6.7 ቢሊዮን ዶላር ወረደ፤ በስትሪሚንግ አማካይነት አንሰራርቶ በ2023 ወደ 17.1 ቢሊዮን ደረሰ፤ የዋጋ ንረት ሲታሰብ ግን ይህም ከ1999ኙ ያነሰ ነው። ስለዚህ «ኡልሪክ ልክ ነበር» ብሎ መጻፍ ያጓጓል። ሁለት ነገር ግን አስታውሱ። የ2000 አድማጮች የ2014ን ቁጥር አያውቁም፤ በኋላ የሆነው ነገር ያኔ የተነገረው ለምን እንዳሳመነ አያስረዳም። የውድቀቱም ምክንያት አንድ አይደለም፤ ለምሳሌ ከ2003 ጀምሮ አይቲዩንስ አንድ ዘፈን በ99 ሳንቲም ሲሸጥ፣ ለአንድ ዘፈን ብሎ ሙሉ ሲዲ መግዛት ቀርቷል። እንዲህ ያለው መረጃ በመግቢያው ላይ አንድ ሁለት መስመር ይበቃዋል።

9. ረቂቁን ማረም

የመጀመሪያውን ረቂቅ ቢያንስ አንድ ሌሊት አሳድሩት። በማግስቱ ሦስት ምልክት ይዛችሁ አንብቡት፤ ንግግሩን ብቻ የሚተርክ ዐረፍተ ነገር አጠገብ «ማ»፣ የራሳችሁን ፍርድ የሚሰጥ አጠገብ «አ»፣ ዘዴንና ምክንያትን የሚያሳይ አጠገብ «ት» ጻፉ። «ት» ከግማሽ በታች ከሆነ ረቂቁ ገና ነው። ከዚያ ለአንድ የጀመዓችን ጓደኛ ስጡትና «ስለ ሙዚቃ ያለኝ አቋም ከወረቀቱ ይታወቃል?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱ «አይታወቅም» ከሆነ ወረቀቱ ደርሷል።

ይህ ጥረት ከውጤት ባለፈም ይጠቅመናል። በየቀኑ በስልካችን ብዙ ሰዎች ሊያሳምኑን ይሞክራሉ፤ የምንወዳቸውም የማንወዳቸውም። የማንስማማበትን ሰው ንግግር ሳናጣምም መተንተን የቻልን፣ የምንስማማበት ሰው ሲያባብለንም እንነቃለን። ፍትሐዊ ሚዛን ለወዳጅም ለባላጋራም አንድ ነው።

በቀጣዩ ዕትም ኢንሻአላህ መግቢያና መደምደሚያ አጻጻፍን እንመለከታለን። አላህ ጠቃሚ ዕውቀት ይወፍቀን። ወሰላሙ ዐለይኩም።