በወረርሽኝ ወቅት የማይቋረጥ አገልግሎት፦ የነፍሰ ጡር እናቶች የፀረ-ትላትል ሕክምናና የደም ማነስ መከላከል

ኮቪድ-19 በአገራችን መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. መገኘቱ ከተረጋገጠ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ሕዝብን የሚያሰባስቡ የመድኃኒት እደላ ዘመቻዎች ለጊዜው እንዲዘገዩ መክሮ ነበር። ምክሩ ዘመቻን የሚመለከት እንጂ በቅድመ ወሊድ ክትትል ለእያንዳንዷ እናት የሚሰጠውን ሕክምና የሚያስቀር አይደለም። ዘመቻ ቢዘገይም ክትትል መቆም የለበትም።

ትሉ ደምን የሚያሳንሰው እንዴት ነው?

የመንጠቆ ትል እጭ በእርጥብና ሞቃት አፈር ውስጥ አድጎ በባዶ እግር ቆዳ በኩል ወደ ሰውነት ይገባል። አንጀት ሲደርስ ግድግዳውን ነክሶ ደም ይመጥጣል። አንድ ትል በቀን የሚወስደው ጥቂት ቢሆንም፣ ብዙ ትሎች ለወራት ሲቆዩ የሰውነትን የብረት ክምችት ያሟጥጣሉ። በእርግዝና ጊዜ ደግሞ የብረት ፍላጎት ይጨምራል። በዚህ ምክንያት ደሟ ያነሰ እናት፣ ሌላዋ በምትቋቋመው የወሊድ ደም መፍሰስ ሕይወቷ ለአደጋ ሊጋለጥ ይችላል፤ ሕፃኑም ያለጊዜው ወይም ክብደቱ አንሶ ሊወለድ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ መሠረት ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሚገኙ ሴቶች 24 በመቶ፣ ከነፍሰ ጡሮች ደግሞ 29 በመቶ የደም ማነስ ነበረባቸው።

ምን ይሰጣል?

ትሉ በተስፋፋባቸው አካባቢዎች፣ የእርግዝናው የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ካለፉ በኋላ አልቤንዳዞል 400 ሚሊ ግራም ወይም ሜቤንዳዞል 500 ሚሊ ግራም አንድ ጊዜ ይሰጣል። ይሁን እንጂ ትሉ መወገዱ ብቻውን የጎደለውን ብረት አይተካም። ቀዳዳው ያልተደፈነ እንስራ ውኃ ቢጨምሩበት አይሞላም፤ ተደፍኖ ባዶውን ቢቀመጥም አይጠቅምም። ስለሆነም 60 ሚሊ ግራም ብረትና 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ የያዘው እንክብል በየቀኑ ሊወሰድ ይገባል። ቡናና ሻይ ብረት ወደ ሰውነት እንዳይገባ ስለሚቀንሱ ከእንክብሉ ጋር አይጠጡ። ሰገራ ቢጠቁር ከመድኃኒቱ የሚመጣ በመሆኑ እናቲቱ እንዳታቋርጥ አስቀድሞ ይነገራት።

ባለሙያው ሊጠነቀቅበት የሚገባው

ድካምና የትንፋሽ ማጠር የኮቪድ-19ም የደም ማነስም ምልክቶች ናቸው። ስለዚህ ለኮቪድ-19 የተጠረጠረች ነፍሰ ጡር የመከላከያ ጥንቃቄ ተደርጎ ምርመራው ሲሠራላት፣ የታችኛው የዐይን ሽፋኗ ውስጠኛ ክፍልና መዳፏ መገርጣቱ ይታይ፤ ሄሞግሎቢኗም ይለካ። በዴሲ ሊትር ከ11 ግራም በታች ከሆነ የደም ማነስ አለባት፤ ከ7 በታች ከሆነ ሳይዘገይ ወደ ሆስፒታል ትላክ።

ቀጠሮዋ ሊራዘም ለሚችል እናት እስከዚያ የሚበቃት እንክብል ይሰጣት። ጫማ ማድረግ፣ በመጸዳጃ ቤት መጠቀምና እጅን በሳሙና መታጠብም በየክትትሉ ይመከሩ። ወረርሽኙን ፈርታ ከጤና ጣቢያ የቀረች እናት ካለች፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በቤቷ ጎብኝታ ክትትሏን እንድትቀጥል ታግዛት።