ለወጣቱ ቀያሽ፦ ሳትፈትሽ አትመን

ልጄ፣ ትምህርትህን ጨርሰህ መስክ ልትወጣ ነው፤ እንኳን ደስ ያለህ። እጅህ ፈጣን ነው፤ አዲስ መሣሪያም በቶሎ ትለምዳለህ። አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል፤ ስክሪኑ ላይ ቁጥር ሲመጣልህ ሥራው ያለቀ ይመስልሃል። የዛሬ መሣሪያ በደንብ ብትተክለውም ባትተክለውም ቁጥር አይነፍግህም። ቁጥሩ ምን ያህል እንደሚታመን ግን አይነግርህም፤ እሱን ማወቅ የቀያሹ ፈንታ ነው። አንተ በሰጠኸው ቁጥር ቤት ይሠራል፣ ቦይ ይቆፈራል፣ ወንድማማቾች ርስት ይካፈላሉ። ስለዚህ ከረጅም ዘመን የመስክ ሥራ ያገኘሁትን በተራ በተራ ልንገርህ፤ ረጋ ብለህ ስማኝ።

1. ከየት እንደምትነሣ ሳታውቅ ልኬት አትጀምር። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይባላል፤ የልኬት ሥሩ ዳተሙ፣ ማለትም ኮኦርድኔት የሚቆጠርበት መነሻ ነው። የአገራችን ነባር ካርታዎች የተሠሩት በአዲንዳን ዳተም ሲሆን መነሻው በግብፅና በሱዳን ድንበር አካባቢ ያለ ነጥብ ነው። በእጅህ የያዝከው ጂፒኤስ ደግሞ የሚሠራው በደብልዩጂኤስ 84 ነው። አንዱን ነጥብ በሁለቱም ብትጽፈው በዩቲኤም ኮኦርድኔት ከ200 ሜትር በላይ ይራራቃል። ቁጥሮቹ ለዓይን ስለሚመሳሰሉ ስህተቱ ራሱን አያሳብቅም። ኮኦርድኔት የሚሰጥህን ሰው ሁሉ፣ አለቃህንም ጭምር፣ «በየትኛው ዳተም ነው?» ብለህ ጠይቅ። አንተም ስትሰጥ ሳይጠይቁህ ጻፍላቸው። መጠየቅ አያሳፍርም፤ መንገድን 200 ሜትር አሳስቶ ማስቆፈር ግን ያሳፍራል።

2. ያለህበትን ዞን ለይ። ኢትዮጵያ በሦስት የዩቲኤም ዞኖች ላይ ትዘረጋለች፤ እነሱም 36፣ 37 እና 38 ናቸው። ጋምቤላና አሶሳ በ36፣ አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳርና መቀሌ በ37፣ ጅጅጋ በ38 ውስጥ ናቸው። ወሰኖቹ 36ኛውና 42ኛው የምሥራቅ ኬንትሮስ ናቸው። ከድሬዳዋ ወደ ጅጅጋ የሚሄድ መንገድ ስትቀይስ በመሐል ዞን ትሻገራለህ። በአንዱ ዞን ያለ ቁጥር በሌላውም ዞን ውስጥ ትክክለኛ የሚመስል ቦታ አለው፤ ስለዚህ ዞን ያልተጻፈበት ኮኦርድኔት አገር ያልተጻፈበት አድራሻ ነው። የዞኑን ቁጥር ሁልጊዜ ከነጥቡ ጋር አያይዘው።

3. መሬት ላይ የለካኸውን ርቀትና ካርታ ላይ ያለውን ርቀት አታምታታ። ምድር ድቡልቡል ናት፣ ካርታ ዝርግ ነው። ይህን ለማቻቻል ዩቲኤም በዞኑ መካከለኛ መስመር ላይ ርቀትን በ0.9996 ያባዛል፤ በኪሎ ሜትር 40 ሴንቲሜትር ያሳጥራል ማለት ነው። አዲስ አበባ ለዚህ መስመር ቅርብ ናት። ከዚህም ሌላ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለሆነች ርቀቱን ወደ ባሕር ወለል ማውረድ ሌላ 36 ሴንቲሜትር ያህል ይቀንሳል። ሁለቱ ሲደመሩ ከ75 ሴንቲሜትር በላይ ይሆናል። ወጣቶች ይህን ሲያዩ መሣሪያው ተበላሽቷል ብለው ይጣላሉ፤ ወይም ዝም ብለው ቁጥሩን ያጣምማሉ። አንተ ግን የማባዣውን ቁጥር አስላ፣ በሪፖርትህ ላይ ጻፍ፣ ለተቋራጩም አስረዳው።

4. መሣሪያህን ያለበትን አየር አሳውቀው። ቶታል ስቴሽን ርቀት የሚለካው በብርሃን ነው፤ ብርሃን ደግሞ በሳሳ አየር ውስጥ ፈጠን ይላል። ፋብሪካው መሣሪያውን የሚያዘጋጀው ለባሕር ወለል ግፊት፣ ለ1013 ሄክቶፓስካል ነው። አዲስ አበባ ላይ ግፊቱ ወደ 770 ይወርዳል። ይህን ሳታስገባ ብትለካ በኪሎ ሜትር 7 ሴንቲሜትር ያህል ታጎድላለህ። የፕሪዝሙንም ቋሚ ቁጥር አረጋግጥ፤ የ30 ሚሊሜትር ፕሪዝም ይዘህ መሣሪያው ላይ ዜሮ ብትተው እያንዳንዱ መስመርህ በ3 ሴንቲሜትር ይሳሳታል። የብረት ሜትርም ቢሆን እንደዚሁ ነው፦ በ20 ዲግሪ የተስተካከለ የ30 ሜትር ብረት በአፋር የ40 ዲግሪ ሙቀት 7 ሚሊሜትር ይረዝማል። ጠዋት አንድ ደቂቃ ወስደህ የምታስገባው ቁጥር ሙሉ ቀንህን ያድናል።

5. ሶስት እግሩን ስትተክል አትቸኩል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል»። እግሮቹን በደንብ ረግጠህ አስገባ፤ በተለይ መረሬ አፈር ላይ ሰዓት በሄደ ቁጥር ይሰምጣሉ። ከነጥቡ በላይ በትክክል መቆሙንና ውሃ ልኩን በመጀመሪያ ብቻ ሳይሆን በሥራው መካከልና በመጨረሻም እይ። ፀሐይ አንዱን ጎን ስታሞቀው መሣሪያው ያዘነብላልና ጥላ ያዝለት። ማዕዘንን በሁለቱም ፊት አንብብ፤ የአንዱ ፊት የመስመር ጉድለት በሌላው ፊት ተቃራኒ ሆኖ ስለሚመጣ አማካዩ ያጠፋዋል። አንድ ፊት ብቻ የሚያነብ ቀያሽ ጊዜ ያተረፈ ይመስለዋል፤ መሣሪያው መቼ እንደተዛባ ግን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

6. በሌቭል ስትሠራ የኋላና የፊት ርቀትህን እኩል አድርግ። የእይታው መስመር በትንሹ ቢያዘነብል እንኳ ርቀቶቹ እኩል ከሆኑ ስህተቱ ይጠፋል። የምድር ጉብጠት የሚያመጣው ስህተትም እንዲሁ ይጠፋል፤ ይህ ስህተት ብርሃን በአየር ውስጥ የሚታጠፈው ከተቀነሰለት በኋላም በአንድ ኪሎ ሜትር እይታ 67 ሚሊሜትር ያህል ይሆናል። ከአንድ ቤንችማርክ ተነሥተህ ወደ ሌላ የታወቀ ነጥብ ዝጋ፤ ካጣህ ወደ ራሱ ተመለስ። ያልተዘጋ ሌቭል ምስክር የሌለው ውል ነው። ስታፉን የሚይዝልህን ሰውም አስተምረው፤ እሱ ካዘመመው አንተ ምንም ብትጠነቀቅ ቁጥሩ ይበልጣል።

7. ጂፒኤስ የሰጠህን ከፍታ ለውሃ ሥራ እንዳለ አትጠቀምበት። ጂፒኤስ ከፍታን የሚቆጥረው በስሌት ከተሠራ ለስላሳ የምድር ቅርጽ ነው። ውሃ ግን የሚከተለው የምድርን ስበት ነው፤ እኛ «ከባሕር ወለል» የምንለውም በዚሁ የሚለካውን ነው። የሁለቱ ልዩነት በአገራችን ሜትሮችን የሚያህል ሲሆን ከቦታ ቦታ ይለያያል። የጂኦይድ ሞዴል ተጠቀም፤ ከዚያም በታወቁ ቤንችማርኮች ላይ ፈትሸው። ለመስኖ ቦይና ለፍሳሽ መስመር ዛሬም ሌቭልን የሚተካ የለም። ቁልቁለቱ ትንሽ በሆነበት ሜዳ ላይ ጥቂት ሴንቲሜትር ውሃውን ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ከፍታ ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ ለማወቅ ራስ ዳሸንን አስብ፦ በድሮ መጻሕፍት 4,620 ሜትር ተብሎ ተማርን፤ በኋላ የወጡት 4,550 አካባቢ ይሉታል። ተራራው አላጠረም፤ የተለወጠው ልኬቱ ነው።

8. ሰማዩን ሳታይ ጂፒኤስ አትትከል። ሳተላይቶቹ 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ይዞራሉ፤ የሚለካው ጊዜ ነው፤ በአንድ ቢሊዮንኛ ሰከንድ ብርሃን 30 ሴንቲሜትር ይሄዳል። ቢያንስ አራት ሳተላይት የሚያስፈልግህም ሦስቱ ቦታህን፣ አራተኛው የመሣሪያህን ሰዓት ጉድለት ስለሚፈቱ ነው። የመስታወት ሕንፃ፣ የቆርቆሮ ጣሪያና ጥቅጥቅ ያለ ባሕር ዛፍ ምልክቱን ይመልሱታል ወይም ያዳክሙታል። ሌላም የኛ አገር ጉዳይ አለ፦ የመግነጢስ ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ስለሚያልፍ ከላይ ያለው በኤሌክትሪክ የተሞላ የአየር ንጣፍ እኛ ጋ ይበረታል። ፀሐይዋ በምትነቃቃባቸው ዓመታት ደግሞ ከምሽት በኋላ ምልክቱ ይንቀጠቀጣል። ዋና ዋና ነጥቦችህን በማለዳ ያዝ። ቦታህን እዚያው መስክ ላይ ወዲያው የሚያርምልህ አርቲኬ «ፊክስ» ካላለ አትመዝግብ፤ ካለም በኋላ በሌላ ሰዓት ተመልሰህ ድገመው። ሳተላይቶቹ ቦታ ቀይረው ያው ቁጥር ከመጣ ያን ጊዜ እመነው።

9. መሬቱ ራሱ እንደሚጓዝ አትርሳ። ከስምጥ ሸለቆው በስተ ምዕራብ ያለው ምድራችን በዓመት 3 ሴንቲሜትር ገደማ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይሄዳል፤ በአሥር ዓመት 30 ሴንቲሜትር ያህል ይሆናል። በስምጥ ሸለቆ ደግሞ ምድር ትከፈታለች። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በአፋር ዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝም ስንጥቅ ውስጥ ቅልጥ አለት ገብቶ መሬቱ እስከ 8 ሜትር ተከፈተ። ይህን በዝርዝር የለካው ከሰማይ ያለ የራዳር ሳተላይት ነው። ስለዚህ በኮኦርድኔትህ አጠገብ የለካህበትን ቀን ጻፍ፤ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያለ አሮጌ ነጥብ ስታገኝም ሳትፈትሽ አትነሣበት።

10. ከሰማይ ያየኸውን በእግርህ ሄደህ አረጋግጥ። የላንድሳት አንድ ፒክስል 30 በ30 ሜትር ነው፤ ሩብ ሄክታር ማሳ ሦስት ፒክስል እንኳ አይሞላም። ሴንቲኔል 2 ወደ 10 ሜትር ይወርዳል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ወደ ሕዋ የላክናት የራሳችን ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ 1 የተሠራችው በ13.7 ሜትር እንድታይ ነው። እነዚህ ለወረዳ ሰብል፣ ለደንና ለድርቅ ጥሩ ናቸው፤ ለአጥር ወሰን ግን አይሆኑም። ክረምት ላይ ደመናው ምስሉን ይሸፍነዋል፤ ያን ጊዜ ደመና የሚያልፈውን ራዳር ፈልግ። አረንጓዴ ሁሉ ጤፍ አይደለም፤ ስንዴም ሣርም ሊሆን ይችላል። «ከባለቤት ያወቀ ቡዳ ነው»፤ ባለማሳውን ምን እንደዘራ ጠይቀው፤ ከዚያ ካርታህን ቀለም ቀባ።

11. ድሮን ስታበር መፈተሻ ነጥቦችህን ለብቻ አስቀምጥ። ሶፍትዌሩ በሰጠኸው የመሬት ነጥብ ላይ ምስሉን ያስተካክላል፤ ከዚያ በእነዚያው ነጥቦች ላይ ስህተቱ ትንሽ ነው ብሎ ቢነግርህ አያስደንቅም። እውነቱን የሚነግሩህ ለስሌቱ ያልሰጠሃቸው ነጥቦች ናቸው። ነጥቦቹንም በመሐል ብቻ አትሰብስብ፤ በዳርና በዳር፣ በገደሉ አናትና በሥሩ በትናቸው። ገደላማ አገር ላይ ያልተስተካከለ ምስል ቦታን ብዙ ሜትር ይገፋል።

12. ወሰን ስትለካ ጎረቤቶቹ በሙሉ ይቁሙ። ትናንት መሬት በቃላድና በገመድ ሲለካ ዳኛው ሰው ነበር፤ ዛሬ በኦርቶፎቶ ሲለካም ዳኛው ሰው ነው። የሁለተኛ ደረጃ የይዞታ ማረጋገጫ ሥራ ሲሠራ ገበሬው ከነአዋሳኙ ቆሞ ወሰኑን አሳይቷል፤ ውጤቱም ለሕዝብ ይፋ ሆኖ ቅሬታ ተሰምቶበታል። ይህ ወግ አይደለም፤ የልኬቱ ዋና ክፍል ነው። ባል የሞተባትን፣ መሬቱን አከራይቶ ከተማ የገባውን፣ ለመናገር የሚያፍረውን ሰው ጠብቅ። በሴንቲሜትር የተለካ የተሳሳተ ወሰን ያው የተሳሳተ ነው። ችካሉን ከመትከልህ በፊት «ተስማማችሁ?» ብለህ ጮክ ብለህ ጠይቅ።

13. በመስክ መጽሐፍህ ላይ ጻፍ፤ የጻፍከውንም አትፋቅ። የመሣሪያውን ቁመት፣ የፕሪዝሙን ቁመት፣ ሰዓቱንና አየሩን መዝግብ፤ የነጥቡን ንድፍም በእጅህ ሣል። ከተሳሳትክ በአንድ መስመር ሰርዘህ ከላይ ጻፍ፤ የተሰረዘውም ይነበብ። የመሣሪያውን ጥሬ መረጃ ሳታስተካክል በሁለት ቦታ አስቀምጥ። የቃል ትዝታ ቢሮ እስክትደርስ ይደበዝዛል፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ፍርድ ቤት ሲጠራህ የሚናገርልህ መጽሐፍህ ነው።

14. ልኬቱ አልዘጋም ሲልህ በግድ አታዘጋው። የመዝጊያ ስህተት ከተፈቀደው ልክ ካለፈ ምክንያቱን ፈልግ፤ ካላገኘኸው ወደ መስክ ተመለስ። ቁጥርን በቢሮ አስተካክሎ ማለፍ ለአንድ ቀን ያሳርፋል፤ ከዚያ ግን ከአንተ በኋላ የሚመጣው ቀያሽ ሁሉ በዚያው ነጥብ ላይ ይሳሳታል። አለቃ ቢቆጣ፣ ተቋራጭ ቢጣደፍ፣ አንተ «ገና አልፈተሽኩትም» ለማለት አትፍራ። ይህን ሁለት ቃል የሚደፍር ቀያሽ በየመሥሪያ ቤቱ ይፈለጋል።

እንግዲህ ልጄ፣ መሣሪያው ይቀየራል፤ አንተ በምታረጅበት ጊዜ ደግሞ ዛሬ ያልሰማነው ይመጣል። ሕጉ ግን ያው ነው፦ ከታወቀ ነጥብ ተነሣ፣ በሌላ መንገድ ደግመህ ለካ፣ ያገኘኸውን ከነጉድለቱ ጻፍ። ነገ ጠዋት የመጀመሪያ ነጥብህን ስትይዝ ከመሄድህ በፊት ሁለተኛ ጊዜ ለካው፤ ከዚያ በኋላም እንዲሁ አድርግ።