ባሕር በአንድ ኪሎ ጨው አይሠራም

የዛሬው የሳይንስ ዓምዳችን ስለ ዓሣ ገንዳ፣ ማለትም ስለ አኳሪየም ነው። ወደ ትምህርቱ ከመግባቴ በፊት ግን አንድ ነገር ልናገር። በጥቅምት ወር በሳይንስ ክፍል የነበሩት ሁለት ወርቃማ ዓሦች ሰኞ ጠዋት ሞተው ሲገኙ ብዙዎቻችን "የጥበቃው አባባ መብራት ሲያጠፉ የአየር ፓምፑን አብረው አጥፍተውት ነው" ስንል ነበር። እሳቸው ምንም አላጠፉም። ዓሦቹን የገደልኳቸው እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቴሌቪዥን ስለ ቀይ ባሕር ኮራል የሚያሳይ ፊልም አይቼ ነበር። ቢጫ፣ ሰማያዊና ብርቱካናማ ዓሦች አበባ በሚመስሉ ነገሮች መሐል ሲዋኙ በጣም ያምራሉ። እኔም "የኛን ገንዳ ለምን ባሕር አላደርገውም?" አልኩ። ዓርብ ከሰዓት ከሱቅ አንድ ኪሎ ጨው ገዛሁና ማንም ሳያየኝ ገንዳው ውስጥ ገለበጥኩት። ሰኞ የሆነውን ታውቃላችሁ።

ለሦስት ቀን ዝም አልኩ። በአራተኛው ቀን አባባ በሩ ላይ ቆመው "እኔ እኮ የዓሦቹን ሶኬት ነክቼ አላውቅም ልጆቼ" ሲሉ ስሰማ አላስቻለኝም። ሄጄ ለሳይንስ መምህራችን ተናገርኩ። መምህሩም አልተቆጡኝም። "ቅጣትሽ ሁለት ነው። አንደኛ፣ አባባን ይቅርታ ጠይቂ። ሁለተኛ፣ ዓሦቹ ለምን እንደሞቱ አጥንተሽ ለትምህርት ቤቱ በሙሉ ጻፊ" አሉኝ። የመጀመሪያውን የዚያኑ ዕለት ፈጸምኩ። ሁለተኛው ይኸው።

ዓሦቹ ለምን ሞቱ?

ቤት ውስጥ ሰላጣ ሲሠራ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የተከተፈ ቲማቲም ላይ ጨው ተነስንሶ ትንሽ ሲቆይ ሳህኑ ውሃ ይሞላል። ውሃው የወጣው ከቲማቲሙ ነው። ውሃ በስስ ሽፋን በኩል ጨው ካነሰበት ወደ በዛበት ይሄዳል። ይህ ኦስሞሲስ ይባላል።

የወንዝና የሐይቅ ዓሣ ሰውነት ከሚኖርበት ውሃ ይልቅ ጨው አለው። ስለዚህ ውሃ ሁልጊዜ ወደ ውስጡ ይገባል፤ ዓሣውም ትርፉን በሽንት ያስወጣል። እኔ ጨው ስጨምር ነገሩ ተገለበጠ። ውሃው ከዓሦቹ ሰውነት እንደ ቲማቲሙ መውጣት ጀመረ። የባሕር ዓሣ ቢሆን ኖሮ የባሕሩን ውሃ እየጠጣ ትርፉን ጨው በስንጥቡ ያስወጣ ነበር። የኛዎቹ ግን ይህን አይችሉም። ውሃ ውስጥ ሆነው በውሃ ጥም ሞቱ ማለት ነው።

ውሃውስ ባሕር ሆኖ ነበር?

አልሆነም። በሒሳብ እንየው። ገንዳችን 40 ሊትር ይይዛል። አንድ ኪሎ ጨው 1,000 ግራም ነው። 1,000 ለ40 ሲካፈል በሊትር 25 ግራም ይደርሳል። የባሕር ውሃ ግን በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው አለው፤ ቀይ ባሕር ደግሞ ወደ 40 ግራም ይጠጋል። ስለዚህ ለወርቃማ ዓሣ እጅግ በዛ፤ ለባሕር ዓሣ ደግሞ አነሰ።

ልኩን ባገኘው እንኳ የወጥ ጨው የባሕር ጨው አይደለም። የወጥ ጨው ሶዲየም ክሎራይድ ነው፤ ለጤናችን ተብሎ አዮዲን ይጨመርበታል። ከ100 ግራም የባሕር ጨው ውስጥ ግን ሶዲየምና ክሎራይዱ 85 ግራም ያህል ብቻ ነው። ቀሪው ማግኒዝየም፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየምና ሌላም ነው። ኮራል አጥንቱን የሚሠራው ከካልሲየሙ ነው። ለዚህ ነው የባሕር አኳሪየም ያላቸው ሰዎች ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀ ጨው የሚገዙት።

ኮራል ተክል ነው ወይስ እንስሳ?

እኔ አበባ መስሎኝ ነበር። ኮራል እንስሳ ነው! ብዙ ጥቃቅን እንስሳት ተጣብቀው የሚኖሩበት ነው። በሰውነታቸው ውስጥ አልጌ ይኖራል። አልጌው በብርሃን ምግብ ይሠራል፤ ለኮራሉም ያካፍለዋል። ስለዚህ ኮራል ኃይለኛ ብርሃን፣ ንጹሕ ውሃና ከ24 እስከ 27 ዲግሪ የሚደርስ የማይዋዥቅ ሙቀት ይፈልጋል። ቡራዩ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ የኅዳርና የታኅሣሥን ሌሊት ታውቁታላችሁ። ሌሊት መብራት ከጠፋ ማሞቂያውም ይጠፋል፤ ኮራሉም ይጎዳል። ስለዚህ ለጀማሪ የሚሻለው ብርድ የሚችለው ወርቃማ ዓሣ ነው።

በአገራችን ኮራል አለ?

ይህን ሳነብ በጣም ገረመኝ። አለ፤ ግን ደርቋል። ከ100,000 ዓመት በላይ ቀደም ብሎ፣ ዛሬ የአፋር ዳናክል ረባዳ በምንለው ቦታ የቀይ ባሕር ውሃ ገብቶ ነበር። ኮራልም በዳርቻው አድጎ ነበር። በኋላ መሬቱ ከፍ ብሎ ውሃውን ከባሕሩ ቆረጠው። ፀሐዩ ውሃውን አተነነው፤ ጨው ግን አይተንም። ውሃው ሄደ፣ ጨው ቀረ፣ ኮራሉም ሞተ። ያ ኮራል ድንጋይ ሆኖ እስካሁን በረባዳው ዳር ይታያል። በግመል የሚጫነው አሞሌ ጨውም ከዚያው ረባዳ ነው የሚቆረጠው።

ይህ ለአኳሪየምም ትልቅ ትምህርት አለው። በባሕር አኳሪየም ውስጥ በየቀኑ ትንሽ ውሃ ይተናል፤ ጨዉ ግን ስለሚቀር ውሃው እየመረረ ይሄዳል። ስለዚህ የተነነው የሚተካው ጨው በሌለው ውሃ ነው። ባለቤቱ ይህን ከረሳ ገንዳው ትንሽ ዳናክል ይሆናል።

ታዲያ እንዴት እንጀምር?

1ኛ፦ ቦታ። ገንዳውን ቀጥተኛ ፀሐይ በማይደርስበት፣ ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ። 40 ሊትር ውሃ ብቻውን 40 ኪሎ ይመዝናል።

2ኛ፦ እጥበት። ገንዳውንና ጠጠሩን በውሃ ብቻ እጠቡ። ሳሙናና ኦሞ ዓሣ ይገድላል።

3ኛ፦ ውሃ። የቧንቧ ውሃ ጀርም እንዲገድል ክሎሪን ይጨመርበታል። ክሎሪን የዓሣን ስንጥብ ያቃጥላል። ውሃውን በክፍት ባልዲ ቢያንስ ለ24 ሰዓት አቆዩት፤ ክሎሪኑ ይተናል።

4ኛ፦ መጠበቅ። ዋናው ይህ ነው፤ ለባሕር አኳሪየምም ይሠራል። ከዓሣ ቆሻሻና ከተረፈ ምግብ አሞኒያ የሚባል መርዝ ይወጣል። አንድ ዓይነት ባክቴሪያ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል፤ እሱም መርዝ ነው። ሌላ ባክቴሪያ ደግሞ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል። ናይትሬት ካልበዛ ብዙም አይጎዳም። አዲስ ገንዳ ግን እነዚህ ባክቴሪያዎች የሉትም። በጠጠሩና በፊልተሩ ስፖንጅ ላይ እስኪራቡ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። እስከዚያው ዓሣ ሳይገባ ፊልተሩን እያሠራችሁ በየቀኑ አንድ ቁንጥር የዓሣ ምግብ ጣሉበት፤ ምግቡ ሲበሰብስ ባክቴሪያውን ይመግባል። እኔ ይህን ሳደርግ የክፍሌ ልጆች "ዓሣ የሌለበትን ውሃ ትቀልባለች" እያሉ ሲስቁብኝ ከረሙ። በብርዱ ምክንያት የኛ 7 ሳምንት ፈጀ። መምህራችን በመመርመሪያ ወረቀት በየሳምንቱ ሲለኩ ቆይተው፣ በታኅሣሥ መጨረሻ አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ ሆነ።

5ኛ፦ ማስገባት። ዓሣው የመጣበትን ፌስታል እንደታሰረ ለ20 ደቂቃ ውሃው ላይ አንሳፉት፤ ሙቀቱ እኩል ሲሆን ዓሣውን ልቀቁት። በአንድ ጊዜ ብዙ ዓሣ አታስገቡ።

6ኛ፦ እንክብካቤ። በ2 ደቂቃ በልቶ የሚጨርሰውን ያህል ብቻ ስጡ። በየሳምንቱ ሩብ ያህሉን ውሃ ክሎሪኑ በወጣለት ውሃ ቀይሩ። ስፖንጁን ከገንዳው በቀዳችሁት ውሃ እንጂ በቧንቧ ውሃ አትጠቡ፤ ባክቴሪያው ያልቃል። መብራት ሲጠፋ ውሃውን በኩባያ እየቀዳችሁ ከፍ አድርጋችሁ መልሳችሁ አፍስሱት፤ አየር ያስገባል።

7ኛ፦ ዓሣው ቢሰለቻችሁ ገፈርሳ ወስዳችሁ እንዳትለቁት። ከሌላ ቦታ የመጣ ዓሣ ውሃውን ሊያደፈርስና የነባሮቹን እንቁላል ሊበላ ይችላል።

አሁን በገንዳችን ውስጥ አንዲት ወርቃማ ዓሣ ብቻ አለች። ስታድግ ሰፋ ያለ ገንዳ ስለሚያስፈልጋት ጓደኛ አላመጣንላትም። ጠዋት ጠዋት በሩን የሚከፍቱት አባባ ናቸው። "ደህና አድራለች" ብለው የሚነግሩኝም እሳቸው ናቸው። አባባ፣ በዚህ መጽሔትም ላይ በድጋሚ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እናንተም ያኔ አባባን የጠረጠራችሁ ጓደኞቼ ሄዳችሁ ሰላም በሏቸው።

ለሳይንስ ክበባችንም አንድ ሐሳብ አለኝ። ከኛ ብዙም በማይርቀው ሰበታ ስለ ዓሣና ስለ ውሃ ውስጥ ሕይወት የሚጠናበት ብሔራዊ የምርምር ማዕከል አለ። አስፈቅደን ብንጎበኘው ምን ይመስላችኋል?

የባሕር አኳሪየም ምኞቴን አልተውኩም። ግን መጀመሪያ ይህችን አንዷን ዓመት ሙሉ በደህና ላኑራት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ!

የመልመጃ ጥያቄዎች
1. 60 ሊትር የሚይዝን ገንዳ እንደ ባሕር ለማድረግ ስንት ግራም የባሕር ጨው ያስፈልጋል?
2. ከባሕር አኳሪየም የተነነው ውሃ ለምን ጨው በሌለው ውሃ ይተካል?
3. ዓሣ ከመግባቱ በፊት በገንዳው ውስጥ መራባት ያለበት ምንድን ነው?

መልሱን በሚቀጥለው እትም ይጠብቁ። ቸር ያሰንብተን!

አዘጋጅ፦ የሳይንስ ክበብ አባል፣ ከ7ኛ ሀ